ቡከር ዋሽንግተንና የጡብ ምድጃው

የጥቁር አሜሪካውያን መምህር የነበረው ቡከር ዋሽንግተን በቨርጂንያ በባርነት ተወለደ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. በአላባማ የተስኪጊን ትምህርት ቤት መምራት ጀመረ፤ ሕንፃውንም ተማሪዎቹ ራሳቸው እየሠሩ እንዲማሩ አደረገ። ጭቃ ማቡካቱን ብዙዎቹ ጠሉት፤ ትምህርቱን ትተው የሄዱም ነበሩ። የጡቡም ምድጃ ሦስት ጊዜ ከሸፈ። ገንዘብ ባለቀ ጊዜ ዋሽንግተን ሰዓቱን በ15 ዶላር አስይዞ አራተኛውን ምድጃ አሠራ፤ ጡቡም በደኅና በሰለ። ሰዓቱ ግን በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ነጮች እንኳ ጡብ ሊገዙ ወደ ተማሪዎቹ መጡ። ዋሽንግተን በ1915 ዓ.ም. ዐረፈ። ተማሪው በሥራ እንዲማር የሚሻ መምህር፥ ከአራተኛው ምድጃ በፊት የከሸፉትን ሦስቱን የትምህርቱ ክፍል አድርጎ ሊቈጥራቸው ይገባል።