ልዕልት ፀሐይ፣ የሕፃናት አስታማሚ

ከአሶሳ ተነሥቶ በመኪና ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ባምባሲን፣ መንዲን፣ ነጆንና ጊምቢን አልፎ ነቀምቴ ይደርሳል። ከእኛም ብዙዎቻችን በዚያች ከተማ ምሳ በልተናል፣ ወይም አድረናል። ነገር ግን የንጉሥ ልጅ ሆነው ሳሉ የታመሙ ሕፃናትን ማስታመም የመረጡት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በዚያች ከተማ ማረፋቸውን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አሶሳም ነቀምቴም በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩና፣ የልዕልቲቱ ታሪክ ለእኛም የቅርብ ታሪክ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት የሕይወታቸውን ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ ወደድን።

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲሆኑ፣ እናታቸው እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ልዕልቲቱ ገና የ16 ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። በሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ከከተማው ሴቶች ጋር ሆነው ለቍስለኞች ፋሻ፣ ለወታደሮችም የጋዝ መከላከያ ጭምብል ያዘጋጁ ነበር። ጠላት ከአውሮፕላን የሚረጨው መርዝ ቆዳን ይልጥ፣ ዓይንን ያሳውር፣ ሳምባንም ያቃጥል ነበርና፣ ይህ ሥራ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር።

በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሣዊው ቤተሰብ በባቡር ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ። በመጨረሻም እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ተቀመጠ። አገሩን የተነጠቀ ሰው ሐዘኑን ይዞ ቢቀመጥ የሚወቅሰው የለም። ልዕልት ፀሐይ ግን በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ ለንደን ሄደው፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ጀመሩ። ይህ ሆስፒታል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1852 በ10 አልጋዎች ሥራውን የጀመረ ነው። በሽታቸው የተወሳሰበና ለሐኪሞች ያስቸገረ ሕፃናት ዛሬም ወደዚያ ይላካሉ።

በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊን ገና ለሕሙማን መሰጠት አልጀመረም ነበር። ስለዚህ ሳምባው በጽኑ የታመመ ሕፃን ቢድን፣ የሚድነው በአብዛኛው በአስታማሚው ትጋት ነበር። ሕፃን የትኛው ቦታ እንደሚያመው አይናገርም። አስታማሚዋ ትንፋሹን ትቈጥራለች፤ ትኵሳቱን እየለካች ትጽፋለች፤ ጀርባው እንዳይቈስል ታገላብጠዋለች፤ መዋጥ ያቃተውን በማንኪያ ጠብ እያደረገች ትመግባለች፤ የረጠበ ጨርቁንም ትለውጣለች። ርኅራኄ ማለት ማልቀስና ከንፈር መምጠጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትምህርት ባላስፈለገው ነበር። ሌሊት በአምስት ሰዓት የተቈጠረው ትንፋሽ በሰባት ሰዓት ከተቈጠረው ጋር ተመዛዝኖ ሕፃኑ መድከሙ የሚታወቀው፣ ርኅራኄው በእጅና በዓይን ሙያ ሲታገዝ ነው። በቤተ መንግሥት አገልጋይ ያልጐደለባቸው ልዕልት ይህን ሙያ ሦስት ዓመት ተማሩ።

ልዕልቲቱ ያስታመሟቸው ሕፃናት የአገራቸው ልጆች አልነበሩም። ደግሞም በኅዳር ወር 1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ገዥነት በይፋ ተቀበለ። እንግዲህ በአባታቸው ዙፋን ላይ ጠላት መቀመጡን ያጸደቀው መንግሥት የዚያው አገር መንግሥት ነበር። ልዕልት ፀሐይ ግን ትምህርታቸውን አላቋረጡም፤ በ1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመረቁ። እኛ ስለ እርሳቸው ከሰማነው ሁሉ በጣም ያስደነቀን ይህ ነው። የመንግሥታትን በደል በሕፃናት ላይ አልቈጠሩም።

ከዚያም አዋቂዎችን ማስታመም ለመማር በለንደን ወደ ጋይስ ሆስፒታል ገቡ። የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት ሌሊት የሚደበድቡበት የጦርነት ዘመን ነበር። በ1933 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነጻ ስትወጣ ወደ አገራቸው ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ነርስ በጣት በሚቈጠርበት በዚያ ዘመን፣ ሙያውን ይዘው ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ነበሩ።

በሚያዝያ ወር 1934 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል ዐቢይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው የወለጋ ገዥ ሆነው ስለ ተሾሙ አብረው ወደ ነቀምቴ መጡ። ነገር ግን አራት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ ወር፣ ከእርግዝና በመጣ ሕመም በዚያው አረፉ። ዕድሜያቸው 23 ዓመት አልሞላም ነበር። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም ተቀበረ። የስንቱን እናት ልጅ ሊያድኑ የተማሩት ሴት፣ ብዙ የአገራችን እናቶችን በሚወስደው ሕመም ተወሰዱ።

ከሞታቸው በኋላ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊት ስልቪያ ፓንክረስት በስማቸው ሆስፒታል ለማሠራት በአገራቸው ገንዘብ አሰባሰቡ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ኋላም ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። በ1959 ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ከአውስትራልያ የመጡት በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። እነዚህ ሐኪሞች በ1974 የአዲስ አበባን ፊስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ። ልዕልቲቱ በእርግዝና ሕመም ሞተው ሳለ፣ በስማቸው በተሠራው ቤት ለወላድ እናቶች የሚሆን ሥራ መጀመሩ ሐዘናችንን ጥቂት ያቀልልናል።

ዛሬ በክልላችን የታመመ ልጅ ይዛ ወደ ሐኪም ቤት የምትመጣ እናት በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦ ወይም በኮሞ ቋንቋ ትናገር ይሆናል። ልጇ ልቡ የታመመ፣ ወይም ራሱ ውኃ ቋጥሮ ያበጠ ከሆነ አንድ ቀን ታክሞ አይሄድም፤ ወራትና ዓመታት የሚመላለስ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ሐኪሙ መድኃኒቱን ያዝዛል፤ ቀኑንና ሌሊቱን አብራው የምትውለውና የምታድረው ግን ነርሷ ናት። እናቲቱም ልጇን በቤቷ እንዴት እንደምትመግብና እንደምታገላብጥ በገዛ ቋንቋዋ የሚያስተምራት ሰው ያስፈልጋታል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችን ሐኪም ካልሆነ ነርስ መሆን ምን ያደርግለታል የምትሉ ብትኖሩ፣ የንጉሥ ልጅ ይህን ሥራ መርጠው እንደ ነበር አስቡ። ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት ከምንወጣው መካከል አንዳንዶቻችን ለዚህ ሙያ ለመመዝገብ አስበናል። በነቀምቴ ባለፍን ቍጥርም ልዕልት ፀሐይን እናስባቸዋለን።