ዶክተር አክሊሉ ለማ እና የዓድዋው እንዶድ



በሮቤም ሆነ በጎባ ያደገ ሰው እንዶድን ያውቀዋል፤ በኦሮምኛ ሀንዶዴ የምንለው ነው። እናቶቻችን ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው ጋቢና ነጠላ ያጥቡበት ነበር። በዛሬው ጁሙዓ የምናስታውሳቸው ሰው በዚሁ ፍሬ ስማቸው የታወቀው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ቢልሃርዚያን ለማጥናት ዓድዋ ነበሩ። የዚህ በሽታ ጥገኛ ትል በውሃ ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ያድግና ወጥቶ፣ ወንዝ የገባን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ መተላለፊያው ተቆረጠ ማለት ነው።

ዶክተሩ ወንዙን ሲቃኙ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳያስተውል ያልፍ ነበር፤ አለዚያም መድኃኒት ተገኘ ብሎ ያውጅ ነበር። እሳቸው ሁለቱንም አላደረጉም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ ጨመሩባቸው፤ ሞቱ። ከዚያም ጉዳዩን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱት።

መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ሎጂክ የተማራችሁ ይህን ልዩነት ታውቁታላችሁ። ሁለት ነገሮች አብረው ስለታዩ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አይባልም። ቀንድ አውጣዎቹን የገደለው የልብሱ እድፍ ወይም ሌላ ነገር ሊሆን ይችል ነበር። ማየት ጥያቄን ይወልዳል፤ መልሱን የሚለየው ግን ፈተና ነው።

ፈተናውም ዓመታት ወሰደ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ውሃዎች ላይ እንዶድ ተሞከረ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በበሽታው የተያዙ ትንንሽ ሕፃናት ቁጥር ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ሆኖም ዓለም አቀፍ ተቋማት ውጤቱን ለመቀበል አመነቱ። አንዳንዱ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና ለሰውና ለአካባቢ ያለው ደህንነት መጣራት ነበረበት። ዶክተር አክሊሉ ያማርሩ የነበረው በሌላ ነገር ነው፤ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በውጭ አገር ሰዎች እስኪደገም ድረስ እንደ ውጤት አለመቆጠሩ ያንገበግባቸው ነበር። ያም ሆኖ ሥራቸውን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ1997 አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አላህ በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዝዞናል። የሐዲስ ዑለሞቻችን ይህን ትእዛዝ ወደ ዒልም ቀየሩት። እነሱም ስለ ሰው ይጠይቁ ነበር። የሚጠይቁት ግን ስለ አስተላላፊው እውነተኝነትና ስለ ትውስታው ጥንካሬ ነበር፤ ከድሃ አገር መምጣቱ ሐዲሱን ደካማ አያደርገውም። ከቡኻራም ይምጣ ከየመን፣ ሚዛኑ አንድ ነው። ዶክተር አክሊሉ የተነፈጉት ይህን ሚዛን ነበር።

እኛስ? አንድ መድኃኒት በቴሌግራም ሲዘዋወር ፈረንጅ ተናገረው ብለን ሳናጣራ እናምናለን። የጎረቤታችን አዛውንት የምታውቀውን ደግሞ አልተማረችም ብለን ሳናጣራ እንጥላለን። ሁለቱም ያው ጥፋት ነው። የሁለቱንም ማስረጃ ጠይቁ፤ የሚፈተን ከሆነ አስፈትኑ፤ ከተረጋገጠ ማንም ያምጣው ተቀበሉ። ዐድል በገበያ ሚዛን ላይ ብቻ አይደለም፤ በዒልምም ላይ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዒልምን ይወፍቀን፣ እውነትን እውነት አድርጎ ያሳየን። በነቢያችን ﷺ ላይ ሶለዋት አብዙ። ጁሙዓ ሙባረክ!