ትንሹ ራስ ዓሊና የተሳሳተው ግምታቸው

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው አገር በጥንት ስሙ የጁ ይባላል። ከዚህ አገር የተነሡት መሳፍንት ከ1776 ዓ.ም. ግድም አንሥቶ እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ የጎንደርን ነገሥታት በስም ብቻ በዙፋን ላይ እያስቀመጡ መንግሥቱን በራስነት ይመሩ ነበር። ከእነርሱ የመጨረሻው ኃያል ራስ ዓሊ አሉላ ናቸው። ከመጀመሪያው ዓሊ፥ ከዓሊ ጓንጉል ለመለየት ትንሹ ዓሊ ይባላሉ። የአገራችን ልጅ ናቸውና ታሪካቸውን፥ መልካሙንም ጉድለቱንም፥ ማወቅ ይገባናል።

ዓሊ የራስ ጉግሣ የልጅ ልጅ ሲሆኑ፥ እናታቸው ወይዘሮ መነን የወሎው የወረ ሂመኖ ኢማም የሊበን ልጅ ነበሩ። በ1823 ዓ.ም. ራስ ማርዬ በደብረ ዓባይ ጦርነት ሞቱ፤ ተከታያቸው ራስ ዶሪም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። በዚህ ጊዜ ዓሊ ገና የዐሥራ ሁለት ወይም የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ ራስ ተባሉ። ስለዚህ ሥልጣኑ በእናታቸውና በዘመዶቻቸው እጅ ቆየ። መነን በኋላ አጼ ዮሐንስ ሣልሳዊን አግብተው እቴጌ ተባሉ።

በጥር ወር መጨረሻ 1834 ዓ.ም. የሰሜኑና የትግሬው ገዢ ደጃዝማች ውቤ በደብረ ታቦር ከራስ ዓሊ ጋር ተዋጉ። ድሉ የውቤ ሆነ፤ ዓሊም ሸሹ። ዳሩ ግን ውቤ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው በደስታ ላይ ሳሉ የዓሊ ዘመድ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ዓሊም ሥልጣናቸውን መልሰው ያዙ። ከዚህ ነገር ሊማሩት የሚገባው፥ ጠላትን መናቅ ድልን እንደሚያስነጥቅ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያም በኋላ መንግሥታቸውን ያቆሙት በጋብቻ፥ በሹመትና በመሳፍንቱ እርስ በርስ መቀናናት ላይ ነበር።

በዚያ ወራት የቋራው ካሣ ኃይሉ በቆላ ሸፍተው ነበር። በደብረ ታቦርም በጎንደርም የነበሩት መኳንንት ካሣን እንደ ቆላ ሽፍታ ቆጥረው ይንቋቸው ነበር። ዓሊና መነን በጋብቻ የሚታሰሩ መስሏቸው የዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩላቸው። ጋብቻው ግን ካሣን ለዓሊ አላሰረም፤ ተዋበችን ለካሣ አሰረ እንጂ። ወይዘሮ ተዋበች እስከ ዕለተ ሞታቸው ለባላቸው ታማኝ ሆነው ኖሩ። በሰኔ 1839 ዓ.ም. ካሣ ራሳቸውን እቴጌ መነንን ወግተው ማረኩ። ዓሊም እናታቸውን ለማስለቀቅ ሲሉ ለካሣ የደጃዝማችነት ማዕረግና የደንቢያን ግዛት ሰጡ።

ሁለተኛው ስሕተት በጠረፉ በኩል ነበር። ግብፅ በ1813 ዓ.ም. ሱዳንን ከያዘች ወዲህ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ትጠጋ ነበር። ደብረ ታቦር ግን ዓይኑ በመሳፍንቱ ላይ ብቻ ነበረ። በ1840 ዓ.ም. ካሣ ወደ ጠረፍ ወርደው በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋጉና ተሸነፉ። ከዚያ ሽንፈት ግን የመድፍንና የሠለጠነ ወታደርን ጥቅም ተምረው ተመለሱ። ራስ ዓሊ ግን በጥቅምት 1842 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልክተኛ ከፕላውደን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ቢዋዋሉም፥ የጦራቸው አቋም የቀድሞው እንደ ሆነ ቀረ፤ ተስፋቸውም የፈረሰኛው ብዛት ነበር።

በ1845 ዓ.ም. ዓሊ የካሣን ግዛት ለጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ሰጥተው እንዲወጓቸው አዘዙ። ጎሹ በኅዳር ወር በጉር አምባ ሞቱ። በሚያዝያ የዓሊና የውቤ ጦር ተባብሮ በጎርጎራ ቢገጥም እርሱም ተሸነፈ። በመጨረሻ ሰኔ 23 ቀን ራስ ዓሊ ራሳቸው በጎጃም፥ በአይሻል ሜዳ ተሰለፉ። ፈረሰኛቸው በብርቱ ቢዋጋም ድሉ የካሣ ሆነ። ዓሊ ወደ የጁ ሸሽተው ዳግመኛ ሥልጣን ሳይዙ ሞቱ። ካሣም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ራስ ዓሊ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል የገዙት ያለ ችሎታ አይደለም፤ የጁዎችም በአይሻል የተሸነፉት ጀግንነት ጎድሏቸው አይደለም። የጎዳቸው ግምት ነው። ሰውን በዘሩና በአገሩ መዝነው ናቁ፤ ታማኝነት በጋብቻና በማዕረግ የሚገዛ መሰላቸው፤ የመሳፍንቱን ጠብ እንደ አጥር ቈጠሩት። አጥሩ ሲፈርስ ግን ከጀርባው የቆመ ጽኑ ኃይል አልተገኘም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዋጋውን የከፈለው እህሉ የተዘረፈበትና ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ነበር።

እኛ ተማሪዎችም ነገ በየሥራው ኃላፊነት ስንረከብ ይህን እናስታውስ። የምናምንበትን ነገር እውነት መሆኑን ሳንመረምር አገር የሚያህል ነገር አንደገፍበት።