አል-ኸዋሪዝሚ፦ አልጀብራን ለውርስ ክፍፍል ያዋለው ሊቅ

አልጀብራ የሚማር ልጅ ሁሉ አንድ ቀን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይህ ሁሉ ቀመር ምን ይጠቅመኛል? ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ ፈተና ላይ ይመጣል የሚል ነው። ከ1200 ዓመታት በፊት ይህን የትምህርት ዘርፍ በመጽሐፍ ያደራጀው ሙስሊም ሊቅ ግን መልሱን ገና በመግቢያው አስቀምጦት ነበር። ዛሬ የምናወሳው የዚህን ሰው፣ የሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚን ታሪክ ነው። አላህ ይዘንለት።

ትውልዱና ዘመኑ

አል-ኸዋሪዝሚ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ780 ገደማ ነው። መጠሪያው ኸዋሪዝም ከተባለው አገር የመጣ ነው። ኸዋሪዝም ከአራል ባሕር በስተደቡብ የሚገኝ ለም ምድር ሲሆን ዛሬ በኡዝቤኪስታንና በቱርክሜኒስታን መካከል ተከፍሏል። ስለ ልጅነቱና ስለ ቤተሰቡ የታሪክ ጸሐፊዎች ያቆዩልን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ማንነቱን የምናውቀው ከሥራዎቹ ነው።

የኖረው በዐባሲያ ኺላፋ፣ ባግዳድ የዓለም የዕውቀት ማዕከል በነበረችበት ዘመን ነበር። ኸሊፋ አል-መእሙን ከ813 እስከ 833 ሲያስተዳድር «በይቱል ሒክማ» ማለትም የጥበብ ቤት የሚባለው ተቋም አበበ። የግሪክ፣ የህንድና የፋርስ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ይተረጎሙ ነበር፤ ሊቃውንቱም ያነበቡትን ይመረምራሉ፣ ያርማሉ፣ ይጨምሩበታል። አል-ኸዋሪዝሚ ያገለገለው እዚህ ነው።

መጽሐፉ ለምን ተጻፈ?

በ820 ገደማ ስሙን የተከለበትን መጽሐፍ ጻፈ። ርዕሱ በአጭሩ የአል-ጀብርና የአል-ሙቃበላ ሒሳብ ማለት ነው። ዕለት ዕለት አማርኛ ስንናገር የምንጠቀምበት «ሒሳብ» የሚለው ቃል በዚያ ርዕስ ውስጥ ይገኛል። «አልጀብራ» የሚለው የትምህርት ስምም የወጣው ከዚያው ነው።

በመግቢያው አላህን ካመሰገነ በኋላ ዓላማውን ይገልጻል። ኸሊፋው እንዳበረታታው ጠቅሶ፣ ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በንብረት ክፍፍል፣ በሙግትና በንግድ፣ እንዲሁም መሬት ሲለኩና ቦይ ሲቆፍሩ የሚያስፈልጋቸውን ቀላልና ጠቃሚ የሒሳብ ስልት ሊያቀርብ እንደተነሳ ያስረዳል። መጽሐፉ የታሰበው ለጥቂት ሊቃውንት ብቻ አልነበረም። ለቃዲው፣ ለነጋዴው፣ ለመሬት ለኪውና ለወራሹም ነበር።

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ይገባል። ከእርሱ በፊት ባቢሎናውያን፣ ግሪኮችና ህንዶች መሰል ጥያቄዎችን ይፈቱ ነበር። የአል-ኸዋሪዝሚ ድርሻ የተበታተነውን ስልት ሰብስቦ፣ ዓይነቱን ለይቶና ማስረጃ አቁሞ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ማድረጉ ነው።

ሁለቱ ቃላት

«ጀብር» ማለት የጎደለውን መመለስ፣ የተሰበረውን መጠገን ነው። አጥንት የሚጠግን ወጌሻ የሚሠራው ሥራም በዐረብኛ በዚሁ ቃል ይጠራል። ቃሉ ወደ ስፔን ቋንቋም በዚህ ትርጉሙ ገብቶ፣ ወጌሻ በዚያ አገር «አልጀብሪስታ» ይባል ነበር።

በሒሳብ ምን እንደሚሠራ በቀላል ምሳሌ እንይ። 10 ላይ አንድ የማናውቀው ነገር ሲቀነስ 4 ቢቀር፣ 10 ጎድሎበታል ማለት ነው። የጎደለውን «ነገር» በሁለቱም ወገን እንጨምራለን፤ 10 ከ4 እና ከነገሩ ድምር ጋር እኩል ይሆናል። ይህ ጀብር ነው። ቀጥሎ በሁለቱም ወገን ያለውን 4 እናወጣለን፤ ነገሩ 6 ሆኖ ይገኛል። ይህ ሙቃበላ፣ ማነጻጸር ነው። ተማሪዎቻችን ኢኩዌሽን ሲፈቱ በሁለቱም ወገን እኩል ደምር፣ በሁለቱም ወገን እኩል ቀንስ እየተባሉ የሚማሩት ሕግ ይኸው ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ዛሬ የለመድናቸው ምልክቶች የሉም። የማይታወቀውን ቁጥር «ሸይእ» ማለትም ነገር፣ ወይም «ጂዝር» ማለትም ሥር ይለዋል፤ ራሱ በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን ደግሞ «ማል» ይለዋል። ቁጥሮቹም ሳይቀሩ በቃላት የተጻፉ ናቸው። እንዲህም ሆኖ 10 እና ነገር በ10 እና ነገር እንዴት እንደሚባዛ፣ ተቀናሽ በተቀናሽ ሲባዛ ለምን ተደማሪ እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ ያስተምራል።

ከቀመሩ ጀርባ ያለው ሥዕል

አል-ኸዋሪዝሚ ማልን፣ ሥርንና ተራ ቁጥርን የያዙ ጥያቄዎችን በ6 ዓይነት ከፈላቸው። በጣም የታወቀው ምሳሌው አንድ ማል ሲደመር 10 ሥር 39 ይሆናል የሚለው ነው። አፈታቱ እንዲህ ነው፤ የሥሮቹን ቁጥር ግማሽ ውሰድ፣ 5። ራሱን በራሱ አባዛ፣ 25። በ39 ላይ ደምር፣ 64። የዚህን ሥር ውሰድ፣ 8። 5 ቀንስ፣ 3 ይቀራል። ሥሩ 3፣ ማሉም 9 ነው።

ሊቁ በዚህ አላበቃም። ደንቡ ለምን እንደሚሠራ በሥዕል አሳየ። ጎኑ የማይታወቅ አንድ ካሬ ሥሉ። በሁለት ጎኖቹ ስፋታቸው 5 የሆኑ ሁለት ረዣዥም አራት ማዕዘኖች ለጥፉበት። ካሬውና ሁለቱ ቁራጮች አንድ ላይ 39 ናቸው። ነገር ግን ሥዕሉ ማዕዘኑ ላይ ጎዶሎ ነው፤ እዚያ 5 በ5 የሆነ ካሬ ይጎድለዋል። 25 ጨምራችሁ ስትሞሉት 64 የሆነ ሙሉ ካሬ ታገኛላችሁ፤ ጎኑ 8 ነው።

ተማሪዎች (ሀ + ለ)² = ሀ² + 2ሀለ + ለ² ብለው በቃላቸው የሚይዙት ቀመር ይህ ሥዕል ነው። ሀ² የመጀመሪያው ካሬ፣ 2ሀለ ሁለቱ ረዣዥም ቁራጮች፣ ለ² ማዕዘኑን የሞላው ካሬ። በ3 እና በ5 ብንሞክረው 9 + 30 + 25 = 64 ይሆናል። ሥዕሉን አንዴ ያየ ልጅ መካከለኛውን 2ሀለ አይረሳውም። ካሬን በመሙላት መፍታት የሚባለውም፣ የኳድራቲክ ቀመር የተባለው ረጅም ቀመርም ከዚሁ ሐሳብ የሚወጡ ናቸው።

የአንዲት ሟች ውርስ

ከመጽሐፉ ግማሽ ያህሉ ግን የሚያወራው ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ነው። በሱረቱ ኒሳእ የወራሾች ድርሻ ተደንግጓል፤ ዕዳና ኑዛዜም ከውርስ ይቀድማሉ። ድንጋጌው ግልጽ ነው፤ ወራሾች ሲበዙና ኑዛዜ ሲጨመርበት ግን ስሌቱ ይወሳሰባል። አል-ኸዋሪዝሚ አልጀብራን የፈራኢድ አገልጋይ ያደረገው እዚህ ነው።

ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱን እንመልከት። አንዲት ሴት ባሏን፣ አንድ ወንድ ልጅና ሦስት ሴት ልጆች ትታ ሞተች። ለሌላ ሰው የንብረቷን አንድ ስምንተኛና አንድ ሰባተኛ ተናዝዛለች። ልጆች ስላሏት የባል ድርሻ ሩብ ነው። የቀረው ለወንድ የሁለት ሴት እጅ ተደርጎ ይከፈላል። ስለዚህ የወራሾቹ ንብረት 20 ቦታ ቢመደብ ባል 5፣ ወንዱ ልጅ 6፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 3 ያገኛሉ።

አንድ ስምንተኛና አንድ ሰባተኛ ሲደመሩ ከ56 እጅ 15 እጅ ይሆናሉ፤ ከሲሶ አያልፉም። ለወራሾች የሚቀረው 41 እጅ ነው። ይህ የተቀነሰበት ጎዶሎ ንብረት ስለሆነ ጀብር ያስፈልገዋል። 20 በ41 ሲባዛ 820 ይሆናል። በዚህ ላይ የ820 ከ41 እጅ 15 እጁ፣ ማለትም 300 ሲጨመርበት ንብረቱ 1120 ሆኖ ይሞላል። ኑዛዜው አንድ ሰባተኛው 160፣ አንድ ስምንተኛው 140፣ ድምሩ 300 ነው። ከ820ው ባል 205፣ ወንዱ ልጅ 246፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 123 ይደርሳቸዋል። ደምሩት፤ አንዲት ሳንቲም አትጎድልም፣ አንዲት ሳንቲምም አትተርፍም።

ሌሎች ሥራዎቹ

ሊቁ ስለ ህንድ ቁጥሮችም መጽሐፍ ጽፏል። ከ1 እስከ 9 ባሉ ምልክቶችና በዜሮ ማንኛውንም ቁጥር መጻፍና ማስላት እንደሚቻል ያስተማረበት ይህ ሥራ ወደ ላቲን ሲተረጎም ስሙ «አልጎሪትሚ» ተብሎ ተጻፈ። ዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ የሚመሩባቸው የስሌት ቅደም ተከተሎች አልጎሪዝም የሚባሉት በዚሁ ስም ነው። የፀሐይን፣ የጨረቃንና የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ የሚያሰሉ ሠንጠረዦች አዘጋጅቷል። በ833 ባጠናቀቀው የጂኦግራፊ መጽሐፉም የ2402 ቦታዎችን መገኛ መዝግቧል። ያረፈው በ850 ገደማ ነው።

በትርጉም መንገድ ላይ የቀረው

በ1145 ሮበርት ኦፍ ቼስተር የተባለ እንግሊዛዊ የአልጀብራውን መጽሐፍ በስፔን፣ በሴጎቪያ ከተማ ወደ ላቲን ተረጎመው። በዚያው ክፍለ ዘመን የክሬሞናው ጄራርድም በቶሌዶ ተረጎመው። ሁለቱም ትርጉሞች ግን ስለ ውርስና ኑዛዜ የሚያወራውን ክፍል አልያዙም። አውሮፓ የወሰደችው ስልቱን እንጂ ስልቱ የተዘጋጀለትን ጉዳይ አልነበረም። ፍሬድሪክ ሮዘን የተባለ ምሁር በኦክስፎርድ ከተቀመጠ የዐረብኛ ቅጂ በ1831 ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉመው የውርሱ ክፍል አብሮ ወጣ።

ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚያገኙት አልጀብራም ያንኑ ግማሽ ብቻ የያዘ ነው። ቀመሩ አለ፤ ባሏ፣ ወንድ ልጇና ሦስት ሴት ልጆቿ የሉም። በሌላ ወገን መድረሳ ገብቶ ፈራኢድ የሚማረው ወጣት የወራሾችን ድርሻ ያውቃል፤ ክፍልፋዮች ሲደራረቡበት ግን እጁን ይሰጣል። አንዱን የዱንያ፣ ሌላውን የዲን ብለን ለያየናቸው እንጂ በአል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ ጥራዝ የተጠረዙ ነበሩ።

የዚህ መለያየት ዋጋ በየቤታችን ይታያል። አባት ወይም እናት ሲሞቱ ንብረቱ በግምትና በይሉኝታ ይከፈላል፤ ወይም ጨርሶ ሳይከፈል ለዓመታት ይቆያል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት ሴቶች ልጆች ናቸው። አላህ የደነገገላቸው ድርሻ የሚቀረው አንዳንዴ በስግብግብነት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው ስለሚጠፋ ነው። ከ1120 ውስጥ 123ቱ የእህታችን ሐቅ ነው ብሎ በወረቀት ላይ የሚያሳይ አንድ ወጣት በየቤተሰቡ ቢኖር ብዙ ጠብ በረደ፣ ብዙ በደልም በቀረ ነበር።

ስለዚህ ወላጆችና ኡስታዞች አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ልጅ ካላችሁ፣ ከላይ ያለውን የውርስ ጥያቄ ያለ መልሱ ስጡትና ራሱ ያስላው። ይህ ቀመር ምን ይጠቅመኛል ለሚለው ጥያቄውም መልሱን እዚያው ያገኘዋል።

አላህ ለሊቁ ይዘንለት፤ እኛንም ሐቅን ለባለቤቱ የሚያደርሱ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።