ቶማስ ጄፈርሰንና የሠረገላው መንኰራኵር

ስለ ቶማስ ጄፈርሰን ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ማርቀቁንና ሦስተኛ ፕሬዚዳንት መሆኑን ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ብዙም ስለማይነገርለት የልኬት ፍቅሩ ለአንባቢያን ጥቂት ለማካፈል እንወዳለን።

ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1743 በቨርጂኒያ ተወለደ። አባቱ ፒተር መሬት ቀያሽ ሲሆን፣ ከጆሹዋ ፍራይ ጋር ባዘጋጀው የቨርጂኒያ ካርታ ይታወቃል። ልጁ ሕግ ቢማርም የአባቱ ሙያ ከልቡ አልወጣም፤ የአየሩን ሙቀት ሳይቀር በየዕለቱ ይመዘግብ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለም በ1790 በአሥር የሚከፋፈል የመለኪያ ሥርዓት ለአገሩ ምክር ቤት አቅርቧል፤ ሐሳቡ ግን በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

በ1791 ከፊላደልፊያ ወደ መኖሪያው ወደ ሞንቲቼሎ ሲጓዝ በሠረገላው ላይ የርቀት ቆጣሪ ነበረው። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚቆጥረው መንኰራኵሩ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ብቻ ነው፤ ርቀቱን የሚያሰላው ሰው ነው። ጄፈርሰን አንድ ማይል 360 ዙር ነው ብሎ ተነሣ። ከጉዞው በኋላ መንኰራኵሩን በጥንቃቄ ቢለካው ግን ዙሪያው 14 ጫማ ከ10 ተኩል ኢንች ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም በማይል 354.95 ዙር ማለት ነው። ስለዚህ በየ71 ማይሉ አንድ ማይል መጨመር እንደሚገባ በማስታወሻው አሰፈረ። ቆጣሪው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ስለ መንኰራኵሩ የተያዘው ግምት ነበር።

የዛሬው መኪናም ከዚህ አላመለጠም። ጎማው ሲበላ ወይም ነፋሱ ሲጎድል በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ ያጥራል፤ ቆጣሪውም ከተሄደው አብልጦ ያሳያል። ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማ ሲገጠምለት ደግሞ አሳንሶ ይቆጥራል።

ይሁን እንጂ የዚህን ሰው ሕይወት ስንጽፍ አንድ ነገር መሸሸግ አይገባንም። የሰውን ልጅ እኩልነት ያወጀው ጄፈርሰን በዕድሜው ዘመን ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። መንኰራኵሩን መልሶ የለካ ሰው የራሱን ቤት በራሱ ቃል አልለካም። መግለጫው በጸደቀ በ50ኛው ዓመት፣ ሐምሌ 4 ቀን 1826 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ በተከታዩ ዓመት 130 ያህል ሰዎች ለዕዳው ሲባል ለጨረታ ቀረቡ።

እኛ የሕክምና ተማሪዎች በየዕለቱ ሚዛንና የደም ግፊት መለኪያ እንይዛለን። ቁጥሩን ከማመን በፊት መለኪያውን መመርመር ከጄፈርሰን ትጋት የምንወስደው ትምህርት ነው። ለሌላው ያወጣነውን መለኪያ በራሳችን ላይ ማዋልን ግን ከጉድለቱ እንማራለን።