ነቢዩ ሕዝቅኤል፤ ምሳሌን በሰውነቱ የተሸከመ ካህን

ከወረታ ከተማ እስከ ጣና ሐይቅ የሚዘረጋውን የፎገራን ሜዳ በክረምት ያየ ሰው፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ከዳርቻቸው ሲያልፉ የሚሆነውን ያውቃል። ውሃው አስቀድሞ ቍርጭምጭሚትን ይነካል፤ ቀጥሎ ጕልበትን፣ ከዚያም ወገብን ይይዛል፤ በመጨረሻም ከብት የሚነዳው እረኛ መሻገር ተስኖት በዳር ይቆማል። ይህን ያየ ምእመን የነቢዩን የሕዝቅኤልን መጽሐፍ ለማስተዋል የቀረበ ነው፤ ነቢዩም የኖረውና ራእይ ያየው በወንዝ ዳር በተንጣለለ ሜዳ ላይ ነበርና። ስለዚህ ሚያዝያ 5 ቀን የምናስበውን የዚህን ቅዱስ ነቢይ ሕይወትና በእርሱ የተገለጡትን ምሳሌዎች ምሥጢር በአጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን።

ሕዝቅኤል ማለት እግዚአብሔር ያጸናል ማለት ነው። አባቱ ቡዝ ከካህናት ወገን ስለ ነበር፣ ልጁም በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሊያገለግል የተወለደ ነው። ነገር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ናቡከደነፆር ንጉሡን ዮአኪንን ከመኳንንቱ ጋር ማርኮ ወደ ባቢሎን ባፈለሰ ጊዜ ሕዝቅኤልም አብሮ ተማረከ፤ በኮቦር ወንዝ አጠገብ በቴል አቢብ ከምርኮኞቹ ጋር ተቀመጠ። ተራራ ላይ ከተመሠረተችው ከተማ ወጥቶ መሠዊያና ዕጣን በሌለበት ሜዳ ላይ የወደቀ ካህን ኀዘኑ ምን ያህል እንደ ነበረ አንባቢ ያስተውል።

በተማረኩ በ5ኛው ዓመት ሰማይ ተከፈተለት። መጽሐፉ በመጀመሪያው ላይ የሚጠቅሰውን 30ኛ ዓመት ብዙ ተርጓሚዎች የነቢዩ ዕድሜ ነው ይላሉ፤ ይኸውም ካህን አገልግሎቱን የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። እንግዲህ ወደ መቅደስ ሊገባ በሚገባው ጊዜ መቅደስ ቢርቀው፣ የመቅደሱ ጌታ ራሱ ወደ ምርኮኛው መጣ ማለት ነው። በዚያም ዙፋኑን የሚሸከሙትን ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላሕምና ገጸ ንስር ያላቸውን አርባዕቱ እንስሳ አየ። ቤተ ክርስቲያናችን ኅዳር 8 ቀን በዓላቸውን ታከብራለች፤ አባቶችም የአራቱ ወንጌላውያን ምሳሌ አድርገው ይተረጕሟቸዋል። በየአቅጣጫው የሚሄዱት መንኰራኵሮችም የእግዚአብሔር ክብር በአንድ አገር የማይወሰን መሆኑን ያስረዳሉ።

ከዚህ በኋላ በውስጥም በውጭም የተጻፈ የመጽሐፍ ጥቅልል ተሰጠው፤ ብላም ተባለ። የተጻፈበት ልቅሶና ዋይታ ሲሆን በአፉ እንደ ማር ጣፈጠው። ይህም ቃሉን የሚያስተምር ሰው አስቀድሞ ራሱ ሊመገበውና ከሥጋው ጋር ሊያዋሕደው እንደሚገባ የሚያስተምር ምሳሌ ነው። እንዲሁም ሆነ። ኢየሩሳሌም እንደምትከበብ በጡብ ላይ ሥሎ አሳየ፤ ለእስራኤል ኃጢአት ብዙ ቀን በግራ ጎኑ፣ ለይሁዳ ኃጢአት 40 ቀን በቀኝ ጎኑ ተኛ፤ እንጀራውን በሚዛን፣ ውሃውን በልክ ወሰደ፤ ጠጕሩን በሰይፍ ላጭቶ ሦስት ከፈለው፤ ግንብ ነድሎ እንደ ስደተኛ ዕቃውን በትከሻው ተሸክሞ ወጣ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን በሚስቱ ሞት የሆነው ነው። የዓይኑ ደስታ የነበረችው ሚስቱ በአንድ ቀን ማታ ሞተች፤ እርሱም እንዳያለቅስና የኀዘን ሥርዓት እንዳይፈጽም ታዘዘ። የሚወዱት መቅደስ ሲፈርስ ሕዝቡ ማልቀስ እንኳ እንደሚሳናቸው በእርሱ ታየ። እንግዲህ ትንቢታዊ ምሳሌ ለጌጥ የሚነገር፣ ወይም ጠቢብ ለመባል የሚፈታ እንቆቅልሽ አይደለም። ነቢዩ ምሳሌውን በአንደበቱ ብቻ አልተናገረውም፤ በጎኑ፣ በራቡ፣ በተቀበረ ኀዘኑ ተሸከመው እንጂ።

ሕዝቡ ግን ምሳሌ ብቻ ይናገራል እያሉ ነቀፉት። ሌሎችም በፊቱ እየተቀመጡ፣ መልካም ድምፅ ያለው ሰው ሲዘምር እንደሚሰማ ሰሙት፤ የሰሙትንም አላደረጉም። በዜማ ላደግን ለእኛ ይህ ነገር እጅግ ሊያስፈራን ይገባል። ጣዕመ ዜማው ደስ አሰኝቶን፣ ትርጓሜው አስደንቆን፣ ሥራችን እንደ ቀድሞው ከቀረ፣ እኛም በቴል አቢብ ከተቀመጡት ሰሚዎች ጋር ተቈጥረናል።

በ586 ዓመት ኢየሩሳሌም ፈረሰች። የመፍረሷ ወሬ በተሰማ ጊዜ የተዘጋው የነቢዩ አፍ ተከፈተ፤ ከዚያም ወዲህ የሚበዛው ቃሉ የተስፋ ሆነ። በጎቹን ትተው ራሳቸውን ያሰማሩ እረኞችን ገሥጾ፣ እግዚአብሔር ራሱ መንጋውን እንደሚፈልግ ተናገረ። የደረቁ አጥንቶች ሥጋ ለብሰው፣ መንፈስ ገብቶባቸው ሲቆሙ አየ፤ ይህም ለምርኮኞቹ የመመለስ፣ ለእኛም የትንሣኤ ሙታን ምሳሌ ነው። ጌታ የገባባትን በምሥራቅ ያለች የተዘጋች በር አየ፤ ይህችም የድንግል ማርያም የዘለዓለማዊ ድንግልናዋ ምሳሌ ናት።

በተማረከ በ25ኛው ዓመት፣ ማለት በ573 ዓመት ገደማ፣ ከመቅደሱ መድረክ በታች ውሃ ሲፈልቅ አየ። በየአንድ ሺህ ክንዱ እየተለካ ተሻገረ፤ ውሃውም ከቍርጭምጭሚት ወደ ጕልበት፣ ከጕልበት ወደ ወገብ ደረሰ፤ ከዚያም ወዲያ በዋና እንጂ በእግር የማይሻገሩት ሆነ። ወንዙ በደረሰበት ሁሉ ሕይወት ሆነ፤ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ዘረጉ፤ ዛፎቹም በየወሩ አፈሩ። አባቶች ይህን ውሃ ጥምቀት ነው ይላሉ፤ አንድም ወንጌል ነው ይላሉ፤ አንድም ጸጋ መንፈስ ቅዱስ ነው ይላሉ። እኛም እንዲህ ብናስተውለው ይጠቅመናል፤ ቍርጭምጭሚት ወደ ቤተ ክርስቲያን መመላለስ ነው፤ ጕልበት ስግደትና ጸሎት ነው፤ ወገብ ታጥቆ ማገልገል ነው፤ ዋና ግን ራስን ለጸጋው አሳልፎ መስጠት ነው።

ነገር ግን ረግረጉና ዕቋሪው አልተፈወሱም፤ ለጨው ተተዉ። የፎገራ ገበሬ ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል። ከደጋ የመጣው ውሃ ደለሉን ጥሎ ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ መውጫ አጥቶ ሲተኛ ግን ማሳውን ያበላሻል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ታየውም ከልክ ሲያልፍ ሰውን ከቤቱ ያፈናቅላል። ቃልን ተቀብሎ ለሌላው የማያፈስስ ልብ፣ መምህርም ይሁን ምእመን፣ እንደዚያ ረግረግ ነው።

ዘመኑ የተጻፈለት የመጨረሻ ትንቢቱ በ571 ዓመት ገደማ ነው፤ ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ተመለሰም መጽሐፉ አይነግረንም። ያን ውሃ በራእይ አየው እንጂ ምድራዊውን መቅደስ ዳግመኛ አላገለገለም። እርሱ በባዕድ ሜዳ፣ ያለ መቅደስ፣ የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሞ ከሆነ፣ መቅደሱ የተከፈተልን፣ ጥምቀቱና ቍርባኑ የተሰጠን እኛ ምን ምክንያት እናቀርባለን? ከዳር ቆመን የውሃውን ጥልቀት ስንለካ ዘመናችን እንዳያልፍ፣ የነቢዩ አምላክ ገብተን የምንሻገርበትን ኃይል ይስጠን። የነቢዩ የሕዝቅኤል በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።