የምሥጢር ጽሕፈት ሊቅ ሆርስት ፋይስቴል

ዛሬ በሀዋሳ በስልክ ገንዘብ የሚልክ ሰው ብዙ ነው፤ ምሥጢሩን የሚጠብቅለትን ጥበብ ከመሠረቱት ሊቃውንት አንዱን፥ ሆርስት ፋይስቴልን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ፋይስቴል እ.ኤ.አ. በ1915 በበርሊን ተወለደ። በ1934 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በ1944 ዜግነት ባገኘ ማግሥት በመንግሥት የምሥጢር ሥራ እንዲገባ ተፈቀደለት። ኋላም በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሳለ ሉሲፈር የተባለውን አሠራር አወጣ። ይኸውም ጽሑፉን በእኩል ክፍሎች ከፍሎ፥ እያንዳንዱን ክፍል በመተኪያ ሰንጠረዥ እየለወጠና ቦታውን እያዘዋወረ ደጋግሞ የሚያመሰቃቅል ነው። በ1973 ባወጣው ጽሑፍም፥ በኮምፒዩተር የተከማቸው የማንኛውም ሰው ጉዳይ በምሥጢር ይጠበቅ ዘንድ አሳሰበ።

ከሉሲፈር የመነጨው አሠራር በ1977 የአሜሪካ መንግሥት ደንብ ሆነ። ዳሩ ግን ቁልፉ 56 የዜሮና የአንድ ምልክቶች ብቻ ስለ ነበረው፥ ፋይስቴል በ1990 ካረፈ በኋላ፥ በ1998 አንድ መሣሪያ ቁልፎችን በየተራ እየሞከረ ከ3 ቀን ባነሰ ጊዜ ከፈተው።

ከዚህ የምንማረው፥ አሠራሩ ለሁሉ ቢገለጥ እንኳ ምሥጢሩን የሚጠብቀው ቁልፉ መሆኑን ነው። ሰው በልቡ የመረጠው ቁጥር ከልማድ አይለይምና ይገመታል፤ እንደ ዕጣ በአጋጣሚ የወጣ ረጅም ቁልፍ ግን አይገመትም። ስለዚህ የልደት ዘመኑን የምሥጢር ቁጥር ያደረገ ሁሉ ፈጥኖ ይለውጠው።